ዋርሳዬ ያረደው በሬ

የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ዋርሳዬ፣ ወገቡ ዘጠና ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ሱሪውን ሦስት ጊዜ አስፍቼለታለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ «ጨርቁ ነው የጠበበው» ብሎኛል። በዚህ ሥራ ስኖር የወንዶችን ወገብ ስለካ ሰበባቸውንም አብሬ ለክቻለሁ፤ እንደ ዋርሳዬ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ጥፋቱን በጨርቅ ላይ የሚያላክክ ግን አላጋጠመኝም። ስለ እሱ በጎ ነገር የሚጠብቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ፈልጌ አጥቻለሁ።

ቤቴ ከሚሴ ውስጥ አስፋልቱ ዳር ናት። ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣራ፣ ፊት ለፊቷ የስፌት መኪናዬ የምትቀመጥበት ጠባብ በረንዳ። ስንጋባ ቦታውን የሰጡን የባሌ አባት ናቸው፣ አላህ ይርሐማቸው። ሲሰጡን ግን ጉድጓድ ነበር። ክረምት ውኃ ያቁራል፣ በጋ ሰፈርተኛው ቆሻሻ ይደፋበታል። ባሌ ቀን ጋራዥ ሲሠራ እየዋለ፣ ከሥራ ሲወጣ ከቦርከና ዳር በጋሪ ድንጋይ እያመላለሰ ሞላው። እኔ የአምስት ወር እርጉዝ ሆኜ ጭቃውን ከጭድ ጋር በእግሬ አቦካሁ። ያን ሰሞን ዋርሳዬ አንድ ቀን ብቅ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዞር ዞር አለና «እዚህ ጉድጓድ ላይ ጉልበታችሁን አትጨርሱ» ብሎን ሄደ። አንዲት ድንጋይ እንኳ በእግሩ ገፋ አላደረገም። በኋላ ከተማው ሲያድግ፣ በግራም በቀኝም ሱቅ ሲከፈት፣ ያ ጉድጓድ በዋርሳዬ አፍ «የአባታችን ቦታ» ሆነ።

ጦርነቱ ሲመጣ ባሌ ሄደ። ፈልጎ ነው ወይስ ተገፍቶ ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው፤ ሁለቱም ነበረበት። ልጃችን ያኔ ሦስት ዓመቷ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለልኝ ከቀትር በኋላ ነው። የጓዳው ጣራ ማፍሰሱን ተወ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልተወም አልኩት። «ስመጣ እደፍነዋለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ከወራት በኋላ አብሮት የዘመተ አንድ የጨፋ ሰው ተመልሶ መጣና፣ ባሌን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ከቁስለኞች ጋር መኪና ላይ ሲጫን እንደነበር ነገረኝ። ሞቷል የሚል ወረቀት አልመጣልኝም፣ ተርፏል የሚልም አልመጣም። እኔም ባሌ አለ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰዎች «አላህ ያጽናሽ» ሲሉኝ «ለምኑ?» እላቸው ነበር። በዚህ ምክንያት ብዙ ደንበኛ ሸሽቶኛል።

እንዲህ ሁለት ክረምት አለፈ። በመካከሉ የውኃ ቆጣሪ ላስገባ ብዬ፣ ልደትና ሞትም የሚመዘገብበት ቀበሌ ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰውዬ የመኪና ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ የቤቱን ካርታ አየ። መኪና እንደሌለው የሚያውቅ ያውቃል፤ ቁልፉን ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ። ካርታው በባሌ ስም ነው።

«ባለይዞታው መጥቶ ይፈርም» አለኝ።

ዘምቶ አልተመለሰም አልኩት።

«ሞቶ ከሆነ የሞት ማስረጃ አምጪ። ካልሞተ ራሱ ይምጣ።»

ይህን ሲለኝ አላፈረም። እንዲያውም ትልቅ ምስጢር ያብራራልኝ ይመስል ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ ተመላለስኩበት። አንዳንድ ቀን ስብሰባ ነው፣ አንዳንድ ቀን ሲስተም የለም፤ ሲስተም ሲኖር ደግሞ እሱ የለም። ሲገኝም ያችኑ ቃሉን ይደግምልኛል። ውኃውን ከጎረቤት መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ዋርሳዬ መጀመሪያ የመጣው ሊወርሰኝ ነው። በእኛ አገር ባል ሲሞት የባል ወንድም ሚስቲቱን የሚያገባበት የቆየ ልማድ አለ። በዚህ ልማድ የወንድማቸውን ልጆች እንደ ልጆቻቸው አድርገው ያሳደጉ ደጋግ ሰዎች አይቻለሁ፤ ልማዱን አልሰድበውም። ዋርሳዬ ግን ጨፋ ሮቢት ሚስትና ልጆች እያሉት፣ ለልጄ አንድ ቀን ከረሜላ ይዞ መጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። የወደደው በረንዳዬን ነው። ሁለት ሽማግሌዎችና አንድ እስር ጫት ይዞ መጥቶ፣ ደንበኞቼ የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተሰየመ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ እህቴ?» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ።»

«እንግዲህ የአላህን ሥራ የሚመልስ የለም። ቤቱም እንዳይፈርስ፣ ልጅቱም እንዳትንከራተት፣ ወንድሙ ጥላ ሊሆንሽ መጥቷል። አንቺም ከቤትሽ አትወጪም፣ ሰውም አያማሽም።»

«ባሌ ሞቷል እያላችሁኝ ነው?»

ተያዩ። «አላሁ አዕለም» አለ ሽማግሌው፣ አላህ ያውቃል ማለቱ ነው።

«አላህ ብቻ ካወቀማ እናንተ አላወቃችሁም። ባል ያላትን ሴት ለጋብቻ መጠየቅ በዲናችን ምን ይባላል?»

ሁለተኛው ሽማግሌ ጫቱን በጉንጩ እንደያዘ ሳቅ አመለጠው። ዋርሳዬ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ብድግ ሲል ሱሪው ዳሌው ላይ ጠብቆ ተያዘና ለመራመድ ጎተት ማድረግ ነበረበት። አንጀቴ ራሰ፤ አልዋሽም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥላ መሆኑ ቀረና «ውጪ» መጣ። እስከ አረፋ ልቀቂ፣ ሰንበቴ ወላጆችሽ ጋ ሂጂ፣ አልጋሽንና መኪናሽን ያዢ። አንድ ጠዋት ደግሞ ሊከራየው ያሰበ ነጋዴ ይዞ ቤቱን ሊለካ መጣ። የሚለኩበትን አልያዙም። ዋርሳዬ ጭራሽ ሳያፍር «እስቲ ሜትርሽን» አለኝ። ከምኖርበት ቤት ሊያባርረኝ የሚለካበትን ሜትር ከእኔ ይበደራል! ሰጠሁት። የሰፊ ሜትር አንድ ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ሁለት ሙሉ ሰው ግድግዳ ለግድግዳ እያጎነበሱ፣ እየረሱ፣ እየተጣሉ፣ እንደገና ከጥግ እየጀመሩ ረፋዱን ፈጁት። እኔ ሻይ እየጠጣሁ አየኋቸው። ሲጨርሱ የደረሱበት ልክ ትክክል አልነበረም፤ በዓይኔ ብቻ ከእነሱ የተሻለ እናገር ነበር።

ነጋዴው ግን ከዋርሳዬ የነቃ ነው። ካርታው በስምህ ሳይሆን አልከራይም አለው። ካርታው በስሙ እንዲሆን ወንድሙ መሞት አለበት። ዋርሳዬም ወንድሙን ለመግደል ቆርጦ ተነሳ።

ሦስት ምስክሮች አዘጋጀ። ሦስቱንም አውቃቸዋለሁ፤ የሁለቱን ኮት የሰፋሁት እኔ ነኝ። አንደኛው በጦርነቱ ጊዜ ከአልጋው ሥር ያልወጣ ነው፤ ሚስቱ ምሳውን እዚያው ታቀብለው እንደነበር ራሷ ስቃ ነግራኛለች። ሁለተኛው ከሰንበቴ ወዲያ አልፎ አያውቅም። ሦስተኛው ስለ ጦርነት የሚያውቀው በቴሌቪዥን ያየውን ነው። እነዚህ ሰዎች የሞት መዝጋቢው ፊት ቀርበው፣ ባሌ በጦር ሜዳ ሲወድቅ በዓይናችን አይተናል ብለው ማሉ። ያ ቁልፉን የሚያሽከረክረው ሰውዬ አንድ ዓመት ከእኔ ሲፈልገው የኖረውን ማስረጃ ለዋርሳዬ በአንድ ቀን ጠዋት ጨረሰለት። ሲስተሙም እግር አውጥቶ መጣ።

ይህን ሁሉ ያኔ አላወቅሁም። የባሌን ሞት የነገረችኝ ቀሚሷን ልትወስድ የመጣች ደንበኛዬ ናት። ቀሚሱን አጥፌ ስሰጣት እጄን ያዘችና «አላህ ይርሐመው» አለችኝ።

«ማንን?»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ያንቺውን ነው እንጂ። ነገ ጨፋ ሮቢት ሰደቃው አይደለም እንዴ? ከሰንበቴ ገበያ በሬ ተገዝቷል።»

ቀሚሱን መልሼ ከእጇ ተቀበልኳትና እንደገና አጠፍኩት። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ያህል ሳጥፈውና ስዘረጋው እሷ ቆማ ታየኝ ነበር።

በማግስቱ ቀይ ሻሽ አስሬ ሄድኩ። ቀዩን ያሰርኩት፣ ሰው ያልሞተበት የሐዘን ልብስ አይለብስም ብዬ ነው። ሮቢት ገበያ የሚውልበት ቀን ነው፤ ዋርሳዬ ሆን ብሎ ነው የመረጠው፣ ከጨፋ ሸለቆ እህልና ከብት ይዞ የወጣው ሁሉ ወሬውን ሰምቶ እንዲመለስ። በሬው ታርዷል፣ ሥጋው በየድስቱ ይንተከተካል። አስከሬን በሌለበት የሚሰገደው ሰላት ተሰግዷል። ሦስቱ ምስክሮች ከሁሉ ሰው ቀድመው በልተው ጨርሰው ጥርሳቸውን ይጎረጉራሉ። የባሌ እናት፣ አማቴ፣ ከሴቶቹ መካከል ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። አያለቅሱም። ሴቶቹ ስሙን እየጠሩ፣ ሙያውን እየዘረዘሩ ሊያስለቅሷቸው ይሞክራሉ፤ እሳቸው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው መሬት መሬቱን ያያሉ። ንቄያቸው ነበር። ልጃቸውን በቁሙ ሲቀብሩት «ተው» የምትል አንዲት ቃል ከአፋቸው ያልወጣችው ታላቁን ልጃቸውን ፈርተው ነው አልኩ። ጉልበታቸውን ሳልስም አለፍኳቸው።

ወንዶቹ ወደተቀመጡበት ዳስ ሄጄ ቆምኩ። ያንን ሴት አያደርገውም፤ አደረግሁት። ሰላቱን ያሰገዱት ሽማግሌ ሼኽ ቀና ብለው አዩኝ።

«የሟች ባለቤት ናት» አላቸው ዋርሳዬ። «ዛሬ ቤቱን ታስረክባለች።»

«የምን ማስረከብ?» አሉ ሼኹ። «ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን፣ የሐዘን ጊዜዋን፣ የምትቀመጠው በባሏ ቤት ነው። አራት ወር ከአስር ቀን። ማንም አያስወጣትም፣ ማንም ለጋብቻ አይጠይቃትም። ይህን ታጣዋለህ?»

ዋርሳዬ ይህን አላሰበውም ነበር። ለቦታ ሲሯሯጥ ወንድሙን በዲን ሥርዓት እየቀበረ መሆኑን ረስቶታል። ግን ቶሎ ነቃ። «ሼኽ፣ የሞተው እኮ ዛሬ አይደለም። ከሞተ ቆይቷል። ዒዳው የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው፤ አልፏል።»

«እሱስ ልክ ነህ» አሉ ሼኹ። «መቼ ነው የሞተው?»

እዚህ ላይ ነው አላህ ሥራውን የሠራው። ሦስቱ ምስክሮች በሞቱ ተስማምተው ነበር የመጡት፤ ቀኑን ግን አልተስማሙበትም። የመጀመሪያው «ወላሂ ረመዳን ላይ ነው፣ ጾመኛ ነበር» አለ። ሁለተኛው ማሽላው ታጭዶ እንደነበር አስታወሰ። ሦስተኛው ዝናብ ሲዘንብ አየሁት አለ፣ ያውም እንባ ቢጤ ጨምሮበት። ሼኹ ከዋርሳዬ እጅ የሞት ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉና የተጻፈውን ቀን አነበቡ። ከሦስቱም ጋር አይገጥምም።

ዳሱ ውስጥ የሚያኝኩት ሁሉ ማኘክ ተዉ።

«አስተግፊሩላህ» አሉ ሼኹ ቀስ ብለው። «ቀኑን የሚያውቅ ካልተገኘ ዒዳው ከዛሬ ይጀምራል። ሴትዮዋን ወደ ቤቷ ሸኟት።»

ከሰንበቴ ያን የሚያህል በሬ ገዝቶ አርዶ፣ መንደሩን ሁሉ አብልቶ፣ ለእኔ አራት ወር ከአስር ቀን ገዛልኝ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ እስከ ከሚሴ ሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ቀዩን ሻሽ መፍታት ነበረብኝ። በዒዳ ላይ ያለች ሴት አትኳልም፣ እንሶስላ አትነካም፣ ሽቶና የሚያምር ልብስ አይፈቀድላትም። ሻሹን ፈትቼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩትና ለራሴ ይሄ ለማስመሰል ነው አልኩ። ባሌ አለ፤ እኔ ግን ለቤቱ ስል ባሏ እንደሞተባት እቀመጣለሁ። ልጄ ሻሽሽ የት ሄደ ስትለኝ ታጥቦ ነው አልኳት።

ዋርሳዬ በነዚያ ወራት በቤቴ ፊት እየተመላለሰ ከሩቅ ያየኝ ነበር። ቀኑን በጣቱ ይቆጥር እንደነበር እምላለሁ። እኔም እየቆጠርኩ ነበር። ዒዳው ሲያልቅ የሚመጣውን አውቃለሁና። ሁለተኛ በሬ አርዶ ሌላ አራት ወር የሚገዛልኝ የለም።

ለጉዳይ በቀን መውጣት ይፈቀዳል፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት በር ላይ በጥላ ሥር ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች አንዱ ጋ ሄድኩ። ሰውዬው ሽማግሌ ነው፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ተገልብጦ የተሰፋ፣ በጥንቃቄ የተሰፋ። ታሪኬን ሰምቶ ሲጨርስ ሳቀ። «ዋርሳሽ ቂል ነው። በገዛ እጁ ነው የሰጠሽ። የሞት ማስረጃውን ግልባጭ የማግኘት መብት ያለሽ አንቺ ነሽ፣ ሚስቲቱ። ቤቱ በትዳር ውስጥ የተሠራ ነው፤ ግማሹ የራስሽ ነው። ከቀረውም የልጅሽ ድርሻ አለበት። ሂጂና ግልባጩን አምጪ።»

ሄድኩ። ባለቁልፉ ግልባጩን ማኅተም መትቶ ሲሰጠኝ ፈገግ አለ። «አየሽ? ይኸው ጉዳይሽ አለቀ» አለኝ፣ የደስታዬ ተካፋይ ሆኖ። በፊቱ ላይ ልትፋበት ምንም አልቀረኝም ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ።

ጸሐፊው ማመልከቻውን ጽፎ አነበበልኝ። «ሟች ባለቤቴ» ይላል። ጥቂት ዝቅ ብሎ እንደገና «ሟች» ይላል። ከሟች ጋር የሠራነው፣ ሟች ትቶት የሄደው፣ የሟች ልጅ።

«ያችን ቃል አውጣልኝ» አልኩት። «የጠፋው ባለቤቴ በል።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «እህቴ፣ የጠፋ ሰው ይጠበቃል እንጂ አይወረስም። ጠፋ እንጂ አልሞተም እያልሽ ከዋርሳሽ ጋር ስትሟገቺ ዒዳሽ ያልቃል። ሞቷል በይና ልጅሽን ጣራ ሥር አሳድሪ።»

ሳልፈርም ሄድኩ። ዋርሳዬን ስንቅ የኖርኩት ለቦታ ሲል ወንድሙን ገደለ ብዬ ነው። እነዚያን ሦስት ሆዳሞች የናቅኋቸው ያላዩትን ሞት አየን ስላሉ ነው። እኔስ ምን አየሁ? አንድ ሰው መኪና ላይ ሲጫን አየሁት ያለኝን ሰማሁ፣ ያ ነው። በማግስቱ ተመልሼ መጣሁና ፈረምኩ። ለማስመሰል ነው ብዬ ነው የፈረምኩት፣ ልክ እንደ ሻሹ።

ችሎት የቀረብነው ዒዳዬ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። ዋርሳዬ በኮት መጣ፤ ኮቱ አልቆለፍ ብሎት በእጁ ይዞታል። ቦታው የአባቱ መሆኑን እንዲመሰክሩለት አማቴን ይዞ መጥቷል፤ ኋላ አግዳሚ ላይ በነጠላቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ዳኛው ማመልከቻዬን አንብቦ ለዋርሳዬ ዕድል ሲሰጠው፣ ያ ሰው ተነስቶ የተናገረውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ወንድሜ መሞቱ በእርግጥ የታወቀ ነገር አይደለም። ሊመጣም ይችላል። እሷ ራሷ አልሞተም፣ አለ፣ ስትል የኖረች ናት። ጠይቋት!»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በሬውን አርዶ ያበላ ሰው ነው! ዳኛው የሞት ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «ይህ ፊርማ የማን ነው?» አለው።

«የእኔ ነው ግን...»

«ሦስቱን ምስክሮች ያቀረብከው አንተ አይደለህም?»

ዋርሳዬ ወደ ኮቱ ቁልፍ አጎነበሰ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ? ባለቤትሽ ሞቷል ነው የምትይው ወይስ አለ?»

«ሞቷል» አልኩ።

ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ችሎቱ ሙሉ ሰማው። ዳኛው ደጋግሞ አልጠየቀኝም። አማቴን እንኳ ሳያስመሰክር አሰናበታቸው። በቀጠሮው ቀን ቤቱ የትዳር ሀብት ነው፣ ግማሹ የእኔ ነው፣ ልጄም ከአባቷ ድርሻ አላት፣ ማንም ከቤቱ ሊያስወጣኝ አይችልም ተብሎ ተወሰነ። ዋርሳዬ ከችሎቱ ሲወጣ ለነጋዴው በስልክ ሲያስረዳ ሰማሁት። ጥፋቱ የምስክሮቹ ነው ይለው ነበር።

ከሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት አማቴ ከጨፋ ሮቢት ብቻቸውን በባጃጅ መጡ። እንዲህ ወጥተው አያውቁም። አግዳሚው ላይ ሁኑ ብላቸው እምቢ አሉኝና መኪናዬ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡም። ሊወቅሱኝ ነው ብዬ አፌን ስዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እኔ የማልፈራውን ልጃቸውን እሳቸው ስለምን ይፈራሉ ብዬ ልጠይቃቸው ነበር።

«እሱ ዱኤ፣ ሞተ፣ ሲል አላመንኩትም» አሉ። «ለቦታው ነው አልኩ። ሦስቱ ሲምሉም አላመንኩም፤ ለሥጋው ነው አልኩ። ሼኹ ሲያሰግዱ እንኳ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ ሂን ዱኔ፣ አልሞተም አልኩ በሆዴ። ለምን ላልቅስ? ሚስቱ ቀይ ሻሽ አስራ መጣች። እሷ ታውቃለች አልኩ። እኔ ያንቺን አፍ ይዤ ነበር የተቀመጥኩት።»

የምሰፋውን ጨርቅ ከመኪናው አወጣሁ።

«ከዚያ ዳኛው ፊት ሞቷል ስትዪ ሰማሁሽ።» እጃቸውን ዘርግተው የቀሚሴን ጫፍ ያዙ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ዱጋ ነቲ ሂሚ። እውነቱን ንገሪኝ፣ አንቺስ ምሎ እንደሚበላው ሰው አይደለሽም። ለቤቱ ነው ወይስ የምር ነው?»

እኚህ ሴት ናቸው ፈሪ ያልኳቸው። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ከእኔ ጋር የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ጉልበታቸውን ሳልስም ያለፍኩት።

«ለቤቱ ነው፣ ሀርሜ፣ እናቴ» አልኳቸው። «ለቤቱ ብዬ ነው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ አንዴ ብቻ አይደለም። ከዚያ ውኃውን አንስተው ጠጡ። ግድግዳውን፣ ጣራውን ቀና ብለው አዩ። «ሲመጣ የሚገባበት አለው» አሉኝና ሳቁ፤ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ባጃጅ አስቁሜ ጨፋ ሮቢት ድረስ የሚወስዳቸውን አሳፈርኳቸው። እየሄዱ በመስኮቱ እጃቸውን ያወዛውዙልኝ ነበር።

ማመልከቻው ላይ ስፈርም እየዋሸሁ ነበር። ሻሹን ስፈታም እየዋሸሁ ነበር። ዳኛው ፊት ቆሜ ሞቷል ስል ግን አልዋሸሁም፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እውነት መሆኑን አወቅሁት። ይህን ለእሳቸው መንገር ነበረብኝ።